ስለ ሰፊ ጎማና ስለ አዋሽ መንገድ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናገርበት የመረጥሁት ጉዳይ ከመጽሐፍ ቤት ይልቅ የጎሚስታ ደጅ ወሬ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ይኸውም በአሮጌ አውቶሞቢል ላይ ከፋብሪካው ልክ የሚሰፋ ቸርኬና ጎማ ስለ መግጠም ነው። ነገሩን እንደ ጨዋታ የሚቈጥር ቢኖር፥ አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ አንዱ መንገድ ወደ ድሬዳዋ፥ ሌላው ወደ ሰመራና ወደ ጅቡቲ ከሚለያይበት መገንጠያ ቆሞ የሚያልፈውን ሕዝብ ይመልከት። አንድ አውቶሞቢል የጫነውን ሰው ሁሉ ይዞ መሬት የሚነካው መዳፍ በሚያካክሉ አራት ቦታዎች ብቻ ነው።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1964 እንደ ፖንቲያክ ጂቲኦ ያሉ ጉልበታም አውቶሞቢሎች ብቅ ሲሉ የሞተሩ ኃይል ከጎማው ስለ በለጠ ብዙ ባለቤቶች ሰፊ ጎማ ፈለጉ። በእኛ አገር የወጣቱ ዓይን ያረፈው ዲኤክስ በምንላት በአሮጌዋ ቶዮታ ኮሮላ ላይ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለውን ጠብቆ መያዝ ግድ ሆኗል።

እንግዲህ ሰፊ ጎማ መሬት ይበልጥ ይይዛልን? ሂሳቡን እንሥራ። 1,000 ኪሎ የሚመዝን አውቶሞቢል በእያንዳንዱ ጎማ 250 ኪሎ ያርፋል። የነፋሱ ግፊት በካሬ ሳንቲሜትር 2 ኪሎ ቢሆን፥ መሬት የሚነካው ስፋት 125 ካሬ ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ጎማው ቢሰፋም ነፋሱ ካልተለወጠ ይህ ቍጥር እምብዛም አይጨምርም፤ የሚለወጠው ቅርጹ ነው። ወደ ጎን ይሰፋል፥ ወደ ፊት ያጥራል። ስለዚህ በመጠምዘዣ ላይ ይጠቅማል፤ ውኃ በተኛበት አስፋልት ላይ ግን ቶሎ ይንሳፈፋል፤ መሪውንም ያከብዳል።

ቀጥሎ የሚመጣው ቁመት ነው። 165/80 የሆነ ባለ 13 ጎማ ቁመቱ 594 ሚሊሜትር ነው። 195/60 የሆነ ባለ 14 ደግሞ 590 ስለሚሆን ልዩነቱ ጥቂት ነው። ነገር ግን 205/70 ባለ 14 ብንገጥም 643 ይሆናል፤ ያን ጊዜ ቈጣሪው 80 ሲል አውቶሞቢሉ ወደ 87 ይሮጣል። ቸርኬው ወደ ውጭ እጅግ ከወጣም የኩሽኔታው ሸክም ይጨምራል። ስለዚህ አምስት ሰው አሳፍሮ፥ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙሮ ጎማው ፓራፋንጎውን አለመንካቱን ማየት ይገባል። ባዶውን ተለክቶ የተወደደ ጎማ ሰው ሲጫንበት ይፋቃልና።

ሦስተኛው የመንገዱ ጠባይ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ፥ አዋሽ ሰባት ኪሎ ግን ከ1,000 ሜትር በታች ነው። ስንወርድ ሙቀቱ የጎማውን ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ የቈላው ከባድ አየር ደግሞ በመለኪያው ላይ ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ጎማው ግሎ ቍጥሩ ከፍ ቢል ነፋስ ማስተንፈስ አይገባም፤ በማግስቱ ጧት ሲቀዘቅዝ ከልኩ በታች ይገኛል። ነፋሱ ያነሰ ጎማ እየታጠፈ ይግላል፤ የጋለም ይፈነዳል። ጎኑ ያጠረ ጎማ ደግሞ ስንጥቅ ሲመታ ቸርኬውን አያድንም፤ በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ መንገድ እንደ ሰነጠቀ ታስታውሳላችሁ።

ወንድሞቼ፤ ያገለገለ ሰፊ ጎማ በርካሽ ሲቀርብላችሁ ጎኑን አንብቡ። 3519 የሚል ብታገኙ በ2019 እ.ኤ.አ. በ35ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። 82 የሚለው የሸክም ቍጥር 475 ኪሎ፥ 91 ደግሞ 615 ኪሎ መቻሉን ያመለክታል፤ ከፋብሪካው ቍጥር የሚያንሰውን አትግዙ። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማም እንደ አዲስ አይቈጠርም።

ማስዋብን አልቃወምም፤ ወጣት ያለውን ማሳመር ይወዳል። ነገር ግን ገንዘባችን ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ አስቀድሞ ለፍሬንና ልኩን ለጠበቀ ደኅና ጎማ ይዋል። በኋላ ወንበር የሚቀመጡት እናትና እኅት የጎማውን ስፋት አልመረጡም፤ የመረጥነው እኛ ነን፤ ስለ እነርሱም ኃላፊነቱ የእኛ ነው።