ምጽዋ ላይ ያየነው
(በእድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ምጽዋ እንድናወራችሁ ስለጠየቃችሁን እግዜር ይስጥልን። በ1963 ዓ.ም. ከሰሃላ ለሥራ የወረድነው ሦስት ጎረምሶች ነበርን፤ የተመለስነው ሁለት ነን።

እኛ ብዙ ውሃ የምናውቀው ተከዜ በክረምት ሲሞላ ነው። ከአሥመራ በጭነት መኪና ቁልቁል ወርደን ባሕሩን ስናይ ሰማይ ወደ መሬት የወረደ መሰለን። ከተማዋ በሁለት ደሴቶችና በየብሱ ላይ የተቀመጠች ናት። ቱርኮች በ16ኛው መቶ ዓመት ያዟት፤ በ19ኛው ግብጾች ተተኩ፤ በ1877 ዓ.ም. ደግሞ ኢጣሊያኖች ገቡ። ሁሉም የየራሱን ቤት ሠርቶባታል፦ ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ የታነጸ ግድግዳ፣ የእንጨት ሰገነት፣ ኢጣሊያኖች የሠሩት ባንክ። እሑድ ሲሆን ሰዉ ጉርጉሱም ሄዶ አሸዋው ላይ ይዝናናል፤ እኛም እግራችንን ነክረናል፣ ምን ይዋሽ! ጨውም ቢሆን የምናውቀው ሰቆጣ ገበያ የሚመጣውን አሞሌ ነበር፤ እዚያ ግን የባሕር ውሃ ሜዳ ላይ ተለቆ ፀሐይ ሲያደርቀው አየን።

ውበቷ ይህ ነው፤ ኑሮዋ ግን ከባድ ነበር። ሙቀቱ የእኛን ቆላ ያስንቃል። ከሦስታችን አንዱ በንዳድ ታሞ በሦስተኛው ሳምንት ዐረፈ። ዘመድ የለን፣ ገንዘብ የለን፤ ቁጭ ብለን አለቀስን። ታዲያ አብረውን ጆንያ የሚሸከሙት የወደብ ሠራተኞች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ሳንጠይቃቸው አዋጡ፤ አቡጀዲ ገዙ፣ ቄስ ጠሩ፣ መቃብር ቆፈሩ። ስሙን እንኳ በቅጡ አያውቁትም ነበር እኮ! ለእናቱ መርዶው የደረሰው ከመንፈቅ በኋላ ነው።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. በተደረገው ውጊያ ከተማዋ ክፉኛ ተጎዳች። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ አገር ስትሆን ምጽዋም የእሷ ወደብ ሆነች። እኛም የጓደኛችንን መቃብር ተመልሰን አላየነውም። የአገራችን ልጆች ግን ዛሬም በጅቡቲ፣ በኦቦክ በኩል ባሕር ለመሻገር ይሄዳሉ።

ስለዚህ የምንለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የአባል ልጅ በሰው አገር ቢሞት እድሩ ድንኳኑንም ገንዘቡንም አይከልክል፤ ሬሳ አልመጣም ተብሎ ልቅሶ አይቀርም። ሁለተኛ፣ እንግዳ ሰው እኛ ዘንድ ቢሞት እድራችን ይቅበረው። መዋጮ አልከፈለም አይባል፤ ምጽዋ ላይ ለእኛም የከፈሉልን የማያውቁን ሰዎች ናቸው።