ቀለበቴ ሲጠብበኝ



መዋኘት የተማርኩት በ41 ዓመቴ ነው። ባለፈው ሰኔ፣ አሁን በምኖርበት ፍራንክፈርት፣ የመጀመሪያዬን ረጅም ትራያትሎን ጨረስኩ፦ 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ብስክሌት፣ 42.2 ሩጫ። የፈራሁት ሐይቁን ነበር፤ በሰላም ወጣሁ። ብስክሌቱን ተዉት፣ መቀመጫዬ ያውቀዋል።

ጉዱ የመጣው ሩጫው ላይ ነው። ሙቀቱን ፈርቼ በየጣቢያው ውሃ ስጠጣ ዋልኩ። ማይን ወንዝ ዳር፣ 20ኛው ኪሎ ሜትር ግድም፣ ቀለበቴ ጠበበኝ፤ ራሴን አመመኝ፤ አቅለሸለሸኝ። «ውሃ አጥሮኝ ነው» ብዬ ሌላ ኩባያ አነሳሁ። እጄ ላይ እንዳለ የሶዲየም ትምህርት ትዝ አለኝ! (ያን ፈተና እንዴት እንዳለፍኩት የሚያውቁት መምህሬ ይኸው ፊት ለፊት እየሳቁ ነው።) ውሃ ያጠረው ሰው ቀለበቱ ይላላበታል እንጂ አይጠብበትም። ለካ በላብ ከሚወጣኝ በላይ እየጠጣሁ ሶዲየሜን እያቀጠንኩት ኖሯል። ሲብስ አንጎል ያብጣል፤ ሰው ይሞታል።

ኩባያውን መልሼ ሐኪሞቹ ድንኳን ገባሁ። ጨዋማ ሾርባ ሰጡኝና ሽንቴ እስኪመጣ አስቀመጡኝ። እኔ'ኮ ሁሌ አስቀማጭ ነበርኩ!

የቀረውን አብዛኛውን በእግሬ ተራመድኩት። ሮመርበርግ አደባባይ የደረስኩት በ14 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ነው። ቀለበቱ የወጣው በማግስቱ፣ በሳሙና።