ባዶ ነው የተባለው ተራራ፦ ስለ ጉናና ስለ ልጅነቴ ቴሌቪዥን

ንግግሬን የምጀምረው በአንድ ስሕተት ነው። ስሕተቱ የራሴ ነው፤ የሥነ ቃል መምህር ሆኜም ለብዙ ዓመታት በክፍል ውስጥ ስደጋግመው ኖሬአለሁ።

ተወልጄ ያደግሁት ወረታ ነው። የአባቴ ወገኖች የፎገራ ሜዳ ሰዎች ናቸው፤ የእናቴ እናት ግን የፋርጣ ሰው ነበሩ፤ ቤታቸውም ከጉና ግርጌ ነበር። በበጋ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወደ እርሳቸው እላክ ነበር። ሜዳው ላይ ሙቀቱ ሲያስጨንቀን እዚያ ላይ ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ያድራል። እረኞቹ የአክስቶቼ ልጆች ነበሩ፤ ከብቱን ጅብራው እስከሚበቅልበት ድረስ ይዘን እንወጣለን፤ ጦስኝ ለቅመን እንመለሳለን። ማታ እሳት ከበን ስንቀመጥ አያቴ ተረት ይነግሩናል። በተረታቸው ውስጥ ቀበሮው የሚኖረው ከዚያው ከተረተሩ ላይ ነበር። «ዛሬ ያያችሁት ነው» ይሉን ነበር፤ እኛም እናምን ነበር።

በ1971 ዓ.ም. ክረምት፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አጎቴ ወደ አዲስ አበባ ወሰደኝ። በአውቶቡስ ዓባይን ተሻግረን፣ መንገድ ላይ አድረን ደረስን። በአጎቴ ቤት ሳሎን ውስጥ፣ ዳንቴል ለብሶ፣ እንደ ቁም ሳጥን የእንጨት መዝጊያ ያለው ቴሌቪዥን ተቀምጦ ነበር። የልጆች ፕሮግራም ሲደርስ የሰፈሩ ልጆች ጫማቸውን ደጃፍ ላይ አውልቀው ይገባሉ፤ ቦታ ያጣ በመስኮት ይመለከታል። ዳንቴሉ ይነሣል፤ መዝጊያው ይከፈታል፤ አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ብቅ ይላሉ።

ለወጣቶቹ አንድ ነገር ላስታውስ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። አባባ ተስፋዬም ከዚያ ጊዜ አንሥቶ ከ40 ዓመታት በላይ የልጆችን ፕሮግራም መርተዋል። ከዚያ በፊት የመድረክ ተዋናይ ነበሩ፤ ሴቶች መድረክ ላይ በማይወጡበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ይጫወቱ ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ አንበሳም፣ ጅብም፣ ጦጣም መሆን እንደሚችል ያውቁ ነበር። ያረፉት በ2009 ዓ.ም. ነው።

እነሆ ስሕተቱ። ስለ ሥነ ቃልና ስለ መገናኛ ብዙኃን በማስተምርበት ኮርስ፣ በዚያ ክረምት በአባባ ተስፋዬ ፕሮግራም ላይ የደጋ ተራራ እንዳየሁ እናገር ነበር። ጉሙ ከገደሉ ሥር ሲነሣ፣ ቀይ ቀበሮ በጓሳው መካከል ሲያልፍ፣ ከበስተኋላው እረኛ ቆሞ። «ቴሌቪዥን ሥነ ቃልን በሥዕል አገዘው» ለሚለው ሐሳቤ ማስረጃዬ ይህ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ቀበሮው ምን ዓይነት ነበር?» ስትል ጠየቀችኝ። «ቀይ ነዋ!» አልኋት። «ቴሌቪዥኑ ባለ ቀለም ነበር?» አለችኝ።

የቀለም ሥርጭት በአገራችን የተጀመረው በ1977 ዓ.ም. መባቻ፣ ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ነው። እኔ የምናገረው ከዚያ በፊት ስለነበረው ጥቁርና ነጭ መስኮት ነው። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ ተወኝ። ነገሩን ሳሰላስለው፣ በዚያ መስኮት ውስጥ የነበሩት ወንበር፣ አንድ አዋቂ ሰውና ድምፃቸው ብቻ ናቸው። ተራራውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጉናን በጉሙ፣ በቀበሮውና በእረኛው ሁሉ ተሸክሜ አዲስ አበባ ድረስ ወስጄ ከአባባ ተስፋዬ በስተጀርባ አቁሜዋለሁ።

ይህን ያነሣሁት ትዝታ እንደሚያሳስት ለማሳየት ብቻ አይደለም። ያን ተራራ በኋላ በቴሌቪዥን ከመጣው ተራራ ጋር ሳስተያየው የገረመኝ ነገር ስላለ ነው። በልጅነቴ ሥዕል ውስጥ እረኛ አለ። ካደግሁ በኋላ ባለ ቀለም ሆኖ ባየሁት ተራራ ውስጥ ግን ሰው የለም። ካሜራው ከላይ እየበረረ ገደሉን ያሳየናል፤ ዋልያው ይታያል፤ ጅብራው ይታያል። እንጨት የተሸከመችው ሴት፣ የገብሱ ማሳ፣ የጎጆው ጢስ ከሥዕሉ ጠርዝ ውጭ ቀርተዋል። «ያልተነካ ተፈጥሮ» የምንለው ይህን ነው።

በቋንቋችን «ዱር» እንዲህ አይደለም። «ዱር ገባ» ስንል ሰው ገባ ማለታችን ነው፤ የሸፈተ፣ የመነነ፣ ማር ሊቆርጥ ወይም እንጨት ሊለቅም የወጣ። ዱር የሚገባበትና የሚወጣበት፣ ሥርዓትና ስም ያለው ስፍራ ነው። አገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብሎ የከፈለው ገበሬም ከሁሉ በላይ ያለውን «ውርጭ» ብሎ ሰይሞታል። ይህን ስም ያወጣው ብርዱን ቆዳው የሚያውቀው ሰው ነው። «ጠፍ» የሚል ቃልም አለን፤ ሰው የሌለበት፣ ያልታረሰ መሬት ማለት ነው። ተራራን «ጠፍ» ያለ ሰው ማረሻ ይዞ ይወጣል፤ «ያልተነካ» ያለ ሰው ደግሞ ነዋሪውን ሊያወጣ ይነሣል። ሁለቱ ጠላቶች ይመስላሉ፤ ነገር ግን ሁለቱም ስፍራው ባዶ ነው ብለው ነው የሚጀምሩት።

ሁለት ምሳሌ ላንሣ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ከመጀመሪያዎቹ የዓለም ቅርሶች አንዱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1996 ግን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተራ ተመዘገበ፤ ከዚያ መዝገብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በመካከሉ በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ዋልያ በዓለም ላይ ከስሜን በቀር የትም የለም፤ እርሱን ማዳን ግዴታችን ነው። ሆኖም ከመንደሩ ጋር የመንገዱ፣ የምንጩና የእርከኑ ስሞች አብረው ተነሥተዋል። ያን ማን መዘገበው?

ሁለተኛው የመንዝ ጓሳ ነው። እዚያ ሕዝቡ ለብዙ መቶ ዓመታት ጓሳውን «ቄሮ» በተባለ ሥርዓት ጠብቆታል። አባ ቄራው ሲዘጋው ለዓመታት ማንም አይገባም፤ ሣሩ ሲደርስ ይከፈትና ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢፈርስም ኋላ ላይ በማኅበረሰብ ኮሚቴ መልክ ተመለሰ። ዛሬ በዓለም 500 ገደማ ብቻ የቀረው ቀይ ቀበሮ ከሚኖርባቸው ስፍራዎች አንዱ ይኸው ጓሳ ነው። ቀበሮውን ያቆየው የሰው አለመኖር ሳይሆን የሰው ሕግ ነው።

አሁን ወደ ጉና ልመለስ፤ ነገሩ ለእኛ ለፎገራ ልጆች የሩቅ ወሬ አይደለምና። የጉና ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,100 ሜትር ይበልጣል፤ ፎገራ ግን 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተነሥተው ሜዳውን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ሜዳው ራሱ እነዚህ ወንዞች ያወረዱት ደለል ነው። በደርግ ዘመን ሩዝ መጣልን፤ ዛሬ ፎገራን አገር የሚያውቀው በሩዙ ነው። ያ ሩዝ የሚበቅለው ከጉና በተሸረሸረ አፈር ላይ ነው። በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ ጎርፉ ሜዳውን ሲያጥለቀልቅ ሰው ከብቱንና ቤቱን አጣ፤ እኛም ስለ ጣና ሙላት ብዙ አወራን። የላይኛው ተዳፋት እስከ የት ድረስ እንደታረሰ የጠየቅን ጥቂቶች ነበርን። ሜዳው የተራራውን አፈር በየዓመቱ ይቀበላል፤ ለተራራው ገበሬ ግን የሚመልስለት ነገር የለም። ይህ ሒሳብ እስካልተወራረደ ድረስ ላይኛውን ገበሬ «አትረስ» ማለት የእርሱን እራት ለእኛ ምሳ ማድረግ ነው።

ባለፈው ዓመት በጋ ላይ ወደ አያቴ አገር ወጣሁ። ከብት የጠበቅንበት ተረተር ድንችና ገብስ ሆኗል። ቀበሮ አላየሁም። ከማሳው በላይ አንድ እረኛ ልጅ ተቀምጦ በስልኩ ፊልም ያያል፤ ጠጋ ብዬ ሳየው የሌላ አገር አንበሳ ነበር። ለዚህ ንግግር የሚሆን መደምደሚያ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ፤ አገሩን ረስቶ የባዕድ አውሬ የሚመለከት ትውልድ!

ልጁ ግን ስልኩን ኪሱ ከትቶ «አባቴ፣ ምን ፈልገው ነው?» አለኝ። ከእግሬ ሥር ያለችውን ትንሽ ቅጠል አሳይቼ ስሟን ጠየቅሁት። ነገረኝ። ሌላ ጠየቅሁት፤ ነገረኝ። የትኛው ለከብት እንደሚሆን፣ የትኛው ለሆድ ቁርጠት እንደሚፈላ፣ ቀበሮ የት ላይ ይታይ እንደነበር ከአያቱ የሰማውን ሁሉ ነገረኝ። ልጅ ሳለሁ ከእነዚህ ስሞች አብዛኞቹን አውቃቸው ነበር። የረሳሁት እኔ ነኝ፤ ባለ ዶክትሬቱ።

እንግዲህ ውድ ተማሪዎች፣ ከእናንተ የምለምነው ቀላል ነው። የመመረቂያ ጥናታችሁን ስትመርጡ ወደ ላይ ውጡ። ካሜራ ከያዛችሁ እረኛውን ከሥዕሉ አታስወጡት። ስሞቹን ከነተረታቸው መዝግቡ፤ ስለ ጉና ለመወሰን የሚቀመጥ ጉባኤ ሁሉ ያን መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ያግኘው። የእኔን ትዝታ ግን ማስረጃ አድርጋችሁ አትጥቀሱት፤ ቀለሙን ከየት እንዳመጣው አሁን ታውቃላችሁ።