ለዓባይ ሸለቆ መንገድ የሚሆን ባለ ሁለት ሞላ ቢስክሌት አመራረጥ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




ከደጀን ተነሥቶ በብቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ በአብዛኛው የሚጓዘው በደጋው ላይ ነው። የመንገድ፣ የውሃ ወይም የሕንፃ ሥራ የሚቆጣጠር ባለሙያ ግን ሥራውን ሁልጊዜ በመንገዱ ዳር አያገኘውም። መኪናው ከሚቆምበት ስፍራ ጀምሮ ወደ ዓባይ የሚያወርደው የእግርና የበቅሎ መንገድ ነው። ከሞጣ ተነሥቶ «ሰባራ ድልድይ» ወደሚባለው የዓባይ ድልድይ የወረደ ሰው ይህን በሚገባ ያውቀዋል።

እንግዲህ በዚህ አካባቢ የሚሠራ አንድ ወጣት መሐንዲስ ቢስክሌት ለመግዛት አሰበ እንበል። ዓመት ሙሉ ከደመወዙ እየቀነሰ ያጠራቀመው ገንዘብ አለው። ሦስት ቢስክሌቶችም ቀርበውለታል። አንደኛው በሱቅ የሚሸጥ፣ አዲስ፣ በፊትም በኋላም ሞላ ያለው፣ ዋጋው ግን ርካሽ የሆነ ነው። ሁለተኛው በታወቀ ፋብሪካ የተሠራ ባለ ሁለት ሞላ ሲሆን፣ ከውጭ አገር የተመለሰ ሰው ጥቂት ዓመታት ነድቶ የሚሸጠው ነው። ሦስተኛው አዲስ ሆኖ ሞላው ከፊት ብቻ ነው። የሁለተኛውና የሦስተኛው ዋጋ ተቀራራቢ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ከሦስቱ የትኛው እንደሚሻል በምሕንድስና ሙያ መንገድ መመርመር ነው።

ጥያቄው ቀላል ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የተሳሳተ ምርጫ ገዢውን በሁለት በኩል ያስከፍለዋል፤ አንደኛ ያጠራቀመውን ገንዘብ ያጣል፤ ሁለተኛም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ወይም ፍሬሙ ከከዳው ሕይወቱን ለአደጋ ያጋልጣል።

፩. ስለ ተራራ ቢስክሌት አመጣጥ

ቢስክሌት ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትካፈል ከሯጮቿ ጋር ቢስክሌተኞችንም አሰልፋ ነበር። ለተራራ መንገድ ተብሎ የሚሠራው ቢስክሌት ግን የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ውስጥ በሚገኘው የማሪን አውራጃ ነው። ጥቂት ወጣቶች ወፍራም ጎማ ያላቸውን አሮጌ ቢስክሌቶች እያደሱ ከኮረብታ ቁልቁል ይወርዱ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የተወዳደሩበት አንዱ ቁልቁለት «ሪፓክ» ይባላል፤ ትርጉሙም «እንደገና መሙላት» እንደ ማለት ነው። በኋላ ጎማው እምብርት ውስጥ ያለው ፍሬን ከአንድ ቁልቁለት በኋላ ግራሶው በሙቀት ስለሚቃጠል፣ ተፈትቶ እንደገና ግራሶ ይሞላ ነበርና ነው። ከዚህ እንደሚታየው፣ ሞላ ከመምጣቱ አስቀድሞ የተራራ ቢስክሌት የመጀመሪያ ችግር ፍሬን ነበር። ይህ ነጥብ ኋላ ይመለስበታል።

የፊት ሞላ በስፋት የታወቀው ሮክ ሾክስ የተባለው ኩባንያ ካቀረበው ወዲህ ነው። የመጀመሪያው ሞላ ወደ ውስጥ የሚገባው 48 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 በዱራንጎ፣ ኮሎራዶ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና የቁልቁለቱን ውድድር ያሸነፈው ግሬግ ኸርቦልድ የተጠቀመው በዚህ ሞላ ነው። ዛሬ ለረጅም ጉዞ የሚሠሩት ባለ ሁለት ሞላ ቢስክሌቶች ከ100 እስከ 120፣ ለድንጋያማ መንገድ የሚሠሩት ከ130 እስከ 150፣ ለቁልቁለት ውድድር ብቻ የሚሠሩት ደግሞ 200 ሚሊ ሜትር ያህል የሞላ ጉዞ አላቸው። ደጋውን ወጥቶ ሸለቆውን ለሚወርድ ሠራተኛ ከ120 እስከ 130 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል። ከዚያ በላይ የሆነው በዳገቱ ላይ ሸክም ነው።

፪. የሞላ ሥራ

የሞላ ጥቅም ምቾት ብቻ አይደለም። ዋናው ሥራው ጎማው ከመሬት እንዳይለይ ማድረግ ነው። ከመሬት የተለየ ጎማ አይዞርም፤ ፍሬንም አይዝለትም። ይህ እንዲሆን ግን ሞላ ሁለት ክፍሎች ያስፈልጉታል። አንደኛው ክብደቱን የሚሸከመው የብረት ጥምዝ ወይም የታመቀ አየር ነው። ሁለተኛው የሞላውን አመላለስ በዘይት የሚገታው አሞርቲዘር ነው። አሞርቲዘሩ የሞተበት መኪና በኮረኮንች ላይ እንዴት እንደሚዘል ሁሉም ያየው ነው።

ርካሹ ባለ ሁለት ሞላ ቢስክሌት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። በብዙዎቹ የኋላው ሞላ የብረት ጥምዝ ብቻ ነው፤ ዘይት የለውም። ገዢው ኮርቻውን በሁለት እጁ ወደ ታች ተጭኖ በድንገት ይልቀቀው። ቢስክሌቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ከነጠረ አሞርቲዘር የለውም ማለት ነው። ከዚህም ሌላ ፍሬሙ ከከባድ ብረት የተሠራ ሲሆን፣ መጋጠሚያዎቹ በኩሽኔታ ፈንታ በፕላስቲክ ቦኮላ ላይ ይዞራሉ። በአንዳንዶቹ ላይ ከጥርጊያ መንገድ ውጭ እንዳይነዱ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ተለጥፎ ይገኛል። እንዲህ ያለው ቢስክሌት የተራራ ቢስክሌት መልክ እንጂ ባሕርይ የለውም።

በደኅናው ቢስክሌት ላይ ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። የኋላው ጎማ 130 ሚሊ ሜትር ከፍ ሲል ሞላው 50 ሚሊ ሜትር ቢታመቅ፣ የማንሻው ንጽጽር 2.6 ነው። በመሆኑም በጎማው ላይ 50 ኪሎ ግራም ሲያርፍ ሞላው በአማካይ 130 ኪሎ ግራም ይሸከማል። የኋላ ሞላ ነጂው ሲቀመጥበት ከጠቅላላ ጉዞው ከ25 እስከ 30 በመቶ እንዲገባ ይስተካከላል። ሞላው የአየር ከሆነ ለዚህ የሚያስፈልገው ግፊት እንደ ነጂው ክብደት ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 17 ባር ይደርሳል። የመኪና ጎማ የሚነፋው በ2 ወይም በ3 ባር ነው። የጎሚስታው ኮምፕሬሰርም በአብዛኛው ወደዚህ ግፊት አይደርስም። ስለዚህ የአየር ሞላ ያለው ቢስክሌት የሚገዛ ሰው ለዚሁ የተሠራውን ትንሽ የእጅ ፓምፕ አብሮ ካልገዛ ግዥው ግማሽ ነው።

፫. ስለ ፍሬን

ከደጀን አፋፍ እስከ ዓባይ ወንዝ ያለው የዋናው መንገድ ቁልቁለት ከ1,300 ሜትር በላይ ነው። ከካይሮ ኬፕታውን ሲጓዙ በዚህ ያለፉት የቱር ዳፍሪክ ቢስክሌተኞች ይህን ሸለቆ ከጉዟቸው ከባድ ቀኖች አንዱ አድርገው ያዩት ነበር። ሰውየው፣ ጓዙና ቢስክሌቱ በአንድነት 100 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ በዚህ ቁልቁለት የሚለቀቀው ኃይል 1.27 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ይህም ከ3 ሊትር ተኩል የሚበልጥ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። በፍጥነት የሚወርድ ሰው ከዚህ ከፊሉን ለነፋስ ይተወዋል። በድንጋያማ መንገድ ቀስ ብሎ የሚወርድ ሰው ግን አብዛኛውን የሚያስተላልፈው በፍሬኑ በኩል ነው። እንግዲህ የዓባይን ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው ከሞላ በፊት የሚታየው ፍሬን ነው።

ለዚህ ሥራ የዲስክ ፍሬን ይመረጣል፤ ሙቀቱ ወደ ቸርኬውና ወደ ጎማው አይሄድምና። የዲስክ ፍሬን በሽቦ የሚሳብ ወይም በዘይት የሚሠራ ሊሆን ይችላል። በሽቦ የሚሳበው ጉልበቱ አነስ ቢልም በማንኛውም ከተማ ይጠገናል። በዘይት የሚሠራው ብርቱ ነው፤ ነገር ግን ገዢው የሚፈልገውን ዘይት አስቀድሞ ይወቅ። አንዳንዱ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ በሚገኘው ዶት 4 በተባለው የፍሬን ዘይት ይሠራል። ሌላው የሚሠራው በማዕድን ዘይት ነው። አንዱን በሌላው መተካት ጎሚኒውን ያበላሻል፤ ጎሚኒው ሲበላሽ ደግሞ ፍሬኑ ይከዳል።

፬. ያገለገለ ቢስክሌት አመረማመር

ወደ ሁለተኛው ቢስክሌት እንመለስ። ገዢው በመጀመሪያ ፍሬሙን ያጥባል፤ ቆሻሻ ስንጥቅን ይሰውራልና። ቀጥሎ የብየዳ መጋጠሚያዎቹን በተለይም በመሪው አንገት፣ በሞላው ማሰሪያና በኋላ ጎማው ክንድ ላይ ያሉትን በፀሐይ ብርሃን ይመረምራል። ስንጥቅ ከተገኘ ድርድሩ እዚያው ያበቃል። የአሉሚንየም ፍሬም በመንደር ብየዳ ጥንካሬው አይመለስም።

በሁለተኛ ደረጃ ኮርቻውን ይዞ የኋላውን ጎማ ከመሬት በትንሹ እያነሣ ይመልሰዋል። ቋ የሚል ድምፅ ከተሰማ የመጋጠሚያው ኩሽኔታ ወይም የሞላው ቦኮላ ተበልቷል። ይህ ዋጋ የሚያስቀንስ እንጂ ግዥ የሚያስተው ጉድለት አይደለም። በብዙዎቹ ፍሬሞች ውስጥ ያሉት ኩሽኔታዎች የተለመደ የኢንዱስትሪ መጠን ያላቸው ናቸው። ቁጥራቸው በጎናቸው ላይ ተቀርጾ ስለሚገኝ፣ የቢስክሌት ሱቅ ባይኖር እንኳ ከኩሽኔታ ነጋዴ ይገዛሉ።

በሦስተኛ ደረጃ የሞላው አንጸባራቂ ዘንግ ይታያል። በጥፍር ሲዳሰስ የሚይዝ ጭረት ካለ፣ ጭረቱ ጎሚኒውን እየቆረጠ ዘይቱንና አየሩን ያስወጣል። በሞላው ላይ የሚታይ የዘይት ርጥበትም ይህንኑ ያስረዳል።

በአራተኛ ደረጃ ሰንሰለቱ ይለካል። አንድ የውስጥና አንድ የውጭ ቀለበት እንደ አንድ ጥንድ ሲቆጠር፣ አሥራ ሁለት ጥንድ አዲስ ሰንሰለት ርዝመቱ 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። ከ306 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ የሚለወጥበት ጊዜ ደርሷል። 308 ከደረሰ ደግሞ የማርሹ ጥርሶችም አብረው ተበልተዋልና የእነሱም ዋጋ ከሒሳቡ ይቀነሳል።

በመጨረሻ የጎማው መጠን ይጠየቃል። በውጭ አገር ገበያ 27.5 እና 29 ኢንች ጎማ ከተስፋፋ ወዲህ ባለ 26 ኢንቹ ጊዜው እንዳለፈበት ስለሚቆጠር በርካሽ ይሸጣል። ለብቸናና ለሞጣ ሰው ግን ይህ ጉድለት ሳይሆን ትርፍ ነው፤ በየከተማው የሚገኘው ጎማና ካላማዳሪያ በብዛት ባለ 26 ነውና።

፭. ድልድዩ የሚሰጠው ትምህርት

ሰባራ ድልድይ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደተሠራ ይነገራል። በጣልያን ወረራ ዘመን ቅስቱ ተሰብሮ፣ ለብዙ ዓመታት ጎጃምና በጌምድር በገመድ ሲገናኙ ኖሩ፤ ሰው በገመድ እየተጎተተ ክፍተቱን ይሻገር ነበር። ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ የተመለከተው ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ፣ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለውን ድርጅት መሥርቶ ክፍተቱን በብረት መዋቅር አስጠገነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን የዓባይ ሙላት መዋቅሩን ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ2009 በገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ከሙላቱ በላይ ተዘረጋ። የመጀመሪያው ጥገና ክፍተቱን አይቶ የተሠራ ነበር፤ ሁለተኛው ግን ወንዙንም አይቶ ነው።

ቢስክሌትም እንደዚሁ ነው። ዕቃውን ብቻ አይቶ የገዛ ሰው የሚኖርበትን ስፍራ ረስቷል። አንዳንድ ፋብሪካዎች የፊት ሞላ የታችኛው ክፍል በየ50 ሰዓቱ፣ የአሞርቲዘሩ ዘይት ደግሞ በየ200 ሰዓቱ እንዲታደስ ያዝዛሉ። በሳምንት ስድስት ሰዓት የሚነዳ ሰው 50 ሰዓቱን በሁለት ወር ይጨርሳል። በሞጣ ይህን የሚሠራለት ካላገኘ ራሱ መሥራት ይኖርበታል። ከዚህም በላይ በእግረኛ ድልድይና በገደል አፋፍ ላይ ቢስክሌት ይገፋል፣ አንዳንድ ጊዜም ይሸከሙታል። ባለ ሁለት ሞላው በፍሬሙ መካከል ሞላ ስላለበት በትከሻ ለመሸከም አይመችም።

፮. ውሳኔ

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ፍርድ ግልጽ ነው። የመጀመሪያውን ርካሽ ባለ ሁለት ሞላ፣ አዲስ ቢሆንም፣ ለዚህ መንገድ መግዛት አይገባም። ሁለተኛው ከላይ የተዘረዘረውን ምርመራ ካለፈ፣ ገዢውም ፓምፑን፣ መለዋወጫ ጎሚኒዎቹን፣ የሞላ ዘይቱንና ትርፍ የፍሬን ሸራ የሚገዛበት ገንዘብ ከተረፈውና በገዛ እጁ ለመፍታትና ለመግጠም ፈቃደኛ ከሆነ፣ ከሦስቱ የሚበልጠው እሱ ነው። በድንጋያማው ቁልቁለት ላይ ነጂው ሲደክምና እጁ ሲዝል የኋላው ሞላ ከመውደቅ ያድነዋል። ከእነዚህ ሁኔታዎች አንዱ ቢጎድል ግን ያለ ማመንታት ሦስተኛውን ይግዛ። ከኋላ ሞላ የሌለው ደኅና ቢስክሌት ነጂውን ያንገጫግጨው ይሆናል፤ የሚበላሽበት ነገር ግን ጥቂት ነው፤ የሚበላሸውም በአካባቢው ይጠገናል።

በአንድ አካባቢ የሚሠሩ የሙያ ባልደረቦች አንድ የሞላ ፓምፕ፣ አንድ የሰንሰለት መለኪያና አንድ የኩሽኔታ ማውጫ በጋራ ቢይዙ፣ ለአንዱ የሚከብደው ወጪ ለአምስቱ ይቀላል። ያን ጊዜ ያገለገለውን ባለ ሁለት ሞላ መግዛት ለብዙዎች በድፍረት የሚደረግ ሳይሆን በሒሳብ የሚደረግ ይሆናል።