ስለ ስልክ ገንዘብና ስለ ፊደል
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ቡታጅራ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናገርበት የፈቀድሁት ጉዳይ የአገራችን ንግድ ከብር ኖት ወደ ስልክ መዛወሩ ነው። ነገሩ የአዲስ አበባ ሰዎች ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ቢኖር፣ ወደ ገበያችን ወርዶ በርበሬ ተራን ይመልከት። የማረቆ በርበሬ በምትሰፍር እናት አጠገብ የስልክ ቁጥሯ በካርቶን ላይ ተጽፎ ያገኛል።

መንግሥት «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለውን ዕቅድ ያጸደቀው በ2012 ዓ.ም. ነው። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ጀመረ። በኬንያ ከ1999 ዓ.ም. አንሥቶ የሚሠራበት ኤም ፔሳም በ2015 ዓ.ም. ወደ እኛ መጣ። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ የቴሌብር ደንበኞች ከ50 ሚሊዮን በላይ ሆነው ነበር።

ጥቅሙን አልክድም። አባቴ መርካቶ ይነግዳል። ቀድሞ ለቤት ወጪ የሚሆነንን ገንዘብ በመኪና ለሚመጣ ዘመድ በአደራ ይሰጥ ነበርና፣ ዘመዱ እስኪደርስ ደጅ ደጁን እናይ ነበር። ዛሬ ግን የላከው ገንዘብ ጀበናው ሳይፈላ ይደርሳል። ለዚህም ውድ ስልክ አያስፈልግም፤ በተራው ስልክ ኮከብ 127 መሰላል ብሎ መደወል ይበቃል።

ነገር ግን አክስቴ የደረሰባትን ልንገራችሁ። አምና አንድ ኩንታል በርበሬ ለአንድ መንገደኛ ሸጠች። ሰውየው ስልኩን ነካ ነካ አደረገና «እናቴ፣ ገብቶልሻል» አላት። የእርሷም ስልክ ጮኸ። የሚያነብላት ሰው በአጠገቧ ስላልነበረ፣ ስልኩ ጮኸ ማለት ገንዘቡ ገባ ማለት መሰላት። ማታ እኔ ሳነበው መልእክቱ የመጣው ከሰውየው ከራሱ ስልክ ነበር፤ የክፍያ ማረጋገጫ አስመስሎ ጽፎታል። በሒሳቧ አንድ ሳንቲም አልገባም።

«ልጄ፣ ብር ቢሆን ኖሮ በእጄ ዳስሼ አውቀው ነበር» አለችኝ።

ይህ ቃል ከልቤ አልወጣም። ፊደል ያልቆጠረ ሰው የብሩን ኖት በቀለሙና በመጠኑ ይለያል፤ የተቀደደውንም ይመልሳል። በስልክ ላይ ግን ይህ ዕውቀቱ ሁሉ አይረዳውም። ቴሌብር ሲጀመር በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛና በእንግሊዝኛ ነበር፤ የአክስቴ ቋንቋ መስቃንኛ ነው። በጥንት ዘመን የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ተከፍቶ ኋላም የወረቀት ገንዘብ ሲያወጣ፣ ሕዝቡ የማርያ ቴሬዛን ብር ይመርጥ ነበር። አንዳንዶች ይህን ድንቁርና ይሉታል። እኔ ግን ጥንቃቄ ይመስለኛል።

ከዚህ የባሰም አለ። ምሥጢር ቁጥር የሚባለው በአክስቴ ቤት ምሥጢር አይደለም። የመረጥሁላት እኔ ነኝ፤ ካርድ የሚሸጠውም ልጅ ያውቀዋል። እኔ ራሴ አንድ ቀን ሳላስፈቅዳት 50 ብር ወስጃለሁ። እነሆ ከፊት ወንበር ተቀምጣለች፤ ዛሬ በእናንተ ፊት እነግራታለሁ። እርሷ ግን እስካሁን አላወቀችም ነበር፤ የቀረውን ሒሳብ ዘወትር የምነግራት እኔው ነበርሁና።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተጀመረ በኋላ ተማሪዎች ፊደል ሊያስተምሩ ወደ ገጠር ወጥተው ነበር። እኛ ወደ ሩቅ መሄድ አያሻንም። ገበያው ከትምህርት ቤታችን አጥር ብዙ አይርቅም። ከአክስቴ ጋር ባለፈው ክረምት ጀምረናል፤ አሁን ከ0 እስከ 9 ያሉትን ቁጥሮች ለይታ ታውቃለች፣ የላኪውን ቁጥር አይታ የአገልግሎቱ መሆን አለመሆኑን ትለያለች፣ ምሥጢር ቁጥሯንም ለውጣለች። አዲሱን አላውቀውም።

ስለዚህ ክቡር ርእሰ መምህር፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ለበርበሬና ለቆጮ ሻጮች እናቶች ቁጥርና ንባብ እናስተምር ዘንድ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ክፍል እንዲፈቀድልን በትሕትና እለምናለሁ። ጠመኔውን እኛው አዋጥተን እንገዛለን።