አዛዡን የሚያዘው ማነው?

ውድ የራማት ኤሽኮል ወላጆች፣

ልጆቻችሁ ለውትድርና ሲጠሩ «የጦሩ የበላይ ማነው?» ትላላችሁ። በአገራችን ማዕረጉ ራሱ ሰልፉን ይናገር ነበር፦ ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኝ አዝማች በቀኝ፣ ግራ አዝማች በግራ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን የጦር ሚኒስትር አደረጉ፤ ሿሚም ሻሪም ግን ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ።

እዚህ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው ሕግ ራማትካሉን ለመንግሥት ታዛዥ፣ ለመከላከያ ሚኒስትሩም ተጠሪ አድርጎታል። ሰፈራችን በስማቸው የሚጠራው ሌዊ ኤሽኮል ጄኔራል አልነበሩም፤ ሆኖም እስከ ሰኔ 1967 መከላከያ ሚኒስትር ሳሉ ራማትካሉ ይስሐቅ ራቢን በሥራቸው ነበሩ።

እንግዲህ አዛዥ ይታዘዛል እንጂ እንደ ጌታ አይፈራም። ልጃችሁ ቢበደል ዝም አይበል፤ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የወታደሮችን አቤቱታ የሚሰማ ባለሥልጣን አለ። ይህን ሳይዘምት ንገሩት።