«እምም» የሚለው ድምፅ ከየት መጣ?

በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምንናገረው ስለ ቴፕ ነው። «ሸክላ ሠሪና ጥጥ ፈታይ የሞላበት ማኅበር ከቴፕ ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ አትጠፉም። ዝምድናው ግን የቆየ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከመቶ ዓመት በፊት ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን ያስቀረጹበትን ጥቁር ክብ ነገር ሕዝባችን ስም ሲያወጣለት «ሸክላ» ነው ያለው። ቀጨኔ ውስጥ በእጃችን የምንሠራውም ሸክላ ነው። ድምፅ የሚያስቀምጥና ወጥ የሚያበስል አንድ ስም አላቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከማኅበራችን መሥራቾች አንዷ የነበሩት እናታችን ካረፉ ብዙ ዓመታቸው ነው። በሕይወት ሳሉ ልጃቸው በአራት ካሴት ድምፃቸውን ቀድታ አስቀምጣለች። አፈሩ ከየት እንደሚመጣ፣ እንዴት እንደሚወቀጥና እንደሚነፋ፣ ጭቃው ምን ያህል እንደሚታሽ፣ ጀበና ሲተኮስ እንዳይሰነጠቅ ምን እንደሚደረግ ይናገራሉ። ካሴት ያረጃል፣ ይጠመዘዛል፣ ይበጠሳል። ስለዚህ ወደ ኮምፒውተር እንዲገለበጥ ባለፈው ስብሰባ ወሰናችሁ። ሥራውንም ለእኛ ለሦስታችን ሰጣችሁን።

በአንዳችን ቤት ቴፑን ከአምፕሊፋየሩ፣ አምፕሊፋየሩን ደግሞ ከተዋስነው ላፕቶፕ ጋር በሽቦ አያያዝንና የመጀመሪያውን ካሴት ቀዳን። ስናዳምጠው ከድምፃቸው ሥር «እምም» የሚል ነገር አለ፤ ንብ የገባበት እንስራ ይመስላል። ጮክ ብለው የተናገሩት ይሰማል፤ ዝግ ያሉበትን ግን ውጦታል። አያቷን በአካል ያላወቀችው የልጅ ልጃቸው አጠገባችን ተቀምጣ «ምን አሉ? አሁን ምን አሉ?» እያለች ስትጠይቀን መልስ አጣን።

አንድ ጠጋኝ ጠየቅን። አምፕሊፋየሩን ሳይከፍት «ትራንስፎርመሩ ሄዷል፤ ይቀየር» አለን። የጠራው ዋጋ የብዙ ወር መዋጮ ነው። ገንዘቡ የእናንተ ነውና ሳንከፍል በፊት ራሳችን እንፈልገው ተባባልን። ገበያ ላይ ድስት የምትገዛ ሴት በጣቷ አንኳኩታ ታዳምጥ የለ? ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፤ የታፈነ ከሆነ ስንጥቅ አለበት። እኛም እንደዚያው አንድ በአንድ ለማንኳኳት ተነሳን።

መጀመሪያ ቮሊዩሙን እስከ መጨረሻው ቀነስን። «እምም»ታው አብሮ ጠፋ። ቮሊዩም ዜሮ ሆኖም ቢቀጥል ኖሮ ጥፋቱ ከአምፕሊፋየሩ ሆድ ውስጥ ነው ማለት ነበር። አብሮ ከቀነሰ ግን በሽቦ ከውጭ እየገባ ሊሆን ይችላል። ቀጥለን ወደ አምፕሊፋየሩ የገቡትን ሽቦዎች ሁሉ ነቀልንና ቮሊዩሙን ከፍ አደረግን። ጸጥ አለ። ስለዚህ አምፕሊፋየሩ በሽተኛ አይደለም። የቴፑን ሽቦ ብቻ መለስን፤ አሁንም ጸጥታ። የላፕቶፑን ሽቦ ስንመልስ «እምም» አለ! በመጨረሻ የላፕቶፑን ቻርጀር ከግድግዳው ነቀልነው። በባትሪ ሲሠራ ድምፁ ወዲያው ጠፋ።

ምክንያቱ ይኸ ነው። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ሲሆን በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ያ «እምም» የምንሰማው ይኸንኑ ምልልስ ነው። አምፕሊፋየሩ ሳሎን ካለው ሶኬት፣ ላፕቶፑ ደግሞ በረጅም ሽቦ ከጓዳ ተሰክተው ነበር። ሁለቱም ኧርዝ አላቸው። ሁለቱ በድምፅ ሽቦ ሲገናኙ ከሳሎን ኧርዝ በድምፁ ሽቦ አልፎ በጓዳው ኧርዝ የሚመለስ ቀለበት ተፈጠረ። በዚያ ቀለበት ውስጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይዞራል፤ ድምፁንም ያጎድፋል።

መፍትሔው ምንም ወጪ አልነበረውም። ሁለቱን በአንድ ማከፋፈያ ላይ ጎን ለጎን ሰካናቸው፤ በምንቀዳበት ሰዓት ደግሞ ላፕቶፑን በባትሪ አደረግነው።

እዚህ ላይ አደራ እንላለን። አንድ ጎረቤት «ኧርዙን ቁረጡት፣ ይገላግላችኋል» ብሎ መክሮን ነበር። እውነት ነው፣ ድምፁ ይጠፋል። ነገር ግን ኧርዝ የተቀመጠው ለነፍስ ነው። በዕቃው ውስጥ አንድ ሽቦ ተላጦ ብረቱን ቢነካ ኤሌክትሪኩ በኧርዝ እንዲወርድ ነው፤ ኧርዝ ከሌለ በሚነካው ሰው ላይ ያልፋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ነዝሯት የምታውቅ እህት ይኸ አይጠፋትም። ለድምፅ ጥራት ተብሎ ኧርዝ አይቆረጥም።

ትልቁ ሲሄድ ትንንሾቹ ተሰሙ። «ዝዝዝ» የሚለው የድምፁ ሽቦ ከመብራት ሽቦ ጋር ተጣብቆ ስለተዘረጋ ነበር፤ አራርቀን፣ መገናኘት ግድ በሆነበት ቦታ አቋርጦ እንዲያልፍ አደረግነው። «ትርትርትር» የሚለው ቴፑ ላይ ያስቀመጥነው ሞባይል ነው፤ ወደ ሌላ ክፍል ወሰድነው። የታፈነው ድምፅ ደግሞ ከቴፑ ሄድ ቆሻሻ ነበር፤ ጥጥ አልኮል አስነክተን ጠረግነው። ጥጡን ከየት እንዳመጣነው ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። «ሽሽሽ» የሚለው ግን ከራሱ ከካሴቱ ክር ነው። ጥቂቱ ይቀራል፤ እሱን ተውነው።

ከዚያ አራቱንም ካሴቶች እንደገና ቀዳን። በሁለተኛው ካሴት ላይ እናታችን ዝግ ብለው የሚናገሩበት ቦታ አለ። በፊት «እምም»ታው የዋጠው እሱን ነበር። ድስታቸውን ገዝተው የሚሄዱ ሰዎች ቤታቸው ገብተው ውኃ እንኳ እንደማይቀምሱ፣ ልጆቻቸውን «ቡዳ» እያሉ እንደሚሰድቧቸው ይናገራሉ። ያን እያወቁ ሙያውን ለሴት ልጆቻቸው ለምን እንዳስተማሩም ይናገራሉ፦ ማንም የማይወስድባቸው እንጀራ ስለሆነ ነው። የልጅ ልጃቸው ትምህርት ቤት ስትሄድ የቤተሰቧን ሥራ ትደብቅ እንደነበር ያን ቀን ነገረችን። ሌላ ምንም አላለችም። ሦስት ጊዜ እንድንመልስላት ብቻ ለመነችን።

ለትራንስፎርመር ልትወጣ የነበረችው ገንዘብ በካዝናችን አለች። ደጋፊዎቻችንም አዲስ ዕቃ እንዲገዙልን አንጠይቅም፤ ያለው ይበቃናል። የምንጠይቀው እናንተን ነው። በየቤታችሁ ሣጥን ውስጥ የእናት፣ የአያት ድምፅ ያለበት ካሴት ካለ ሳይበጠስ አምጡልን። ቴፑም፣ እኛም ዝግጁ ነን።